ክፍሉ ደጎሎ ደርሷል፤ መኝታው አዲስ አበባ ቀርቷል

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ደጎሎ የሚያስገቡት የእግር መንገዶች በልጃገረዶች ይሞላሉ። ሁለትም ሦስትም ሆነው ነው የሚመጡት። ጀርባቸው ላይ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ አዝለዋል፤ ውስጡ የሳምንት ስንቅ ነው፦ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ፣ የገብስ ቆሎ፣ እናት ከተመቻት ደግሞ አንድ ድፎ ዳቦ። ጫማቸውን በእጃቸው የያዙም አሉ። ጃማ የዋልካ አገር ነው። ክረምቱ ጠቅልሎ ካልወጣ ጭቃው ጫማን ከእግር መንጭቆ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ይበላል። ከተማው አፋፍ ሲደርሱ ዳር ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ይጠራርጋሉ፣ ጫማቸውን ያጠልቃሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ ሰፈር ለሰፈር ተበታትነው ወደየኪራይ ቤታቸው ይገባሉ።

ደጎሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከወረኢሉና ከከላላ ጎረቤት፣ ስንዴና ምስር፣ ጤፍና ባቄላ በሚበቅልበት አምባ ላይ ተቀምጣለች። አምባው ዳር ሲደርሱ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ቆላ፣ ከቆላው ማዶ ሌላ አምባ። መካነ ሰላምም፣ አቀስታም፣ ወረኢሉም የሚገኙት በዚህ ዓይነት አገር ነው። በካርታ ላይ አጭር የሚመስል መንገድ እዚህ ወርዶ መውጣት አለበት። ስለዚህ በገጠር ቀበሌ 8ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ 9ኛ ክፍል ስትገባ ጠዋት ሄዳ ማታ መመለስ አትችልም። ቤት መከራየት አለባት። ዕድሜዋ 14 ወይም 15 ነው።

ክፍሉን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከውስጥ በጋዜጣና በድሮ ካላንደር የተለጠፈ። በአንድ ጥግ መደብ፣ መደቡ ላይ ሦስት ወይም አራት ልጆች የሚጋሩት ፍራሽ። በሌላው ጥግ ስንቁ፣ የእያንዳንዷ ለብቻው ተቋጥሮ። በር ሥር ቢጫ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ አጠገብ ምድጃና ጥቂት ኩበት። የደብተር ቦርሳዎቹ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅለዋል፤ መሬት ላይ ቢቀመጡ እርጥበት ይገባቸዋል፣ አይጥም አለ። አንድ አምፖል ካለ ከአከራይዋ ቤት የተሳበ ነው፤ እሷ ስትተኛ እሱም ይጠፋል። ወፍ ሳይንጫጫ የምትነሳው ተረኛዋ ናት። ውሃ ቀድታ፣ እሳት አያይዛ፣ ድርቆሹን በሽሮ አርሳ ሌሎቹን ትቀሰቅሳለች። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል፤ ሻጋታውን ጠርገው ይበሉታል። ዓርብ ስንቅ የለም፤ ቆሎ ነው። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ የገጠር ልጆች ወንበር ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግዴለሽነት የሚመስለው መምህር ካለ መንገዱን አያውቀውም ማለት ነው። ሳይጨልም ቁልቁለቱን መጨረስ አለባቸው።

ወንዶቹም ይከራያሉ፣ ወንዶቹም ስንቅ ያመላልሳሉ። ልዩነቱ የወንድ ልጅ ከቤት ወጥቶ መማር ወሎ ውስጥ የቆየ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል፤ በየደጁ ቆሞ ሲለምን እናቶች ቁራሽ አይነፍጉትም። ደረሳውም እንዲሁ ነው። ወሎ የሸኾች አገር ናት፤ ኪታቡን ይዞ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው የሚዘዋወረውን ደረሳ መንደሩ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ዱዓውን ይቀበላል። ማንም ሰው ‹‹ይህ ልጅ ለምን ከቤቱ ወጣ?›› ብሎ አይጠይቅም። ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣበት የታወቀ መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጋብቻ ነው። ለትምህርት የወጣች ልጅ የምታድርበት ጎጆ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ አልተቀለሰም። የደጎሎዋ 9ኛ ክፍል ተማሪ የገባችው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በመንግሥት ደረጃ ከተሞከሩት ነገሮች ትልቁ ከአንዲት የወሎ ሴት ስም ጋር የተያያዘ መሆኑ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ መነሳት አለበት። እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰል ልጅ ናቸው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ወይዘሮ ስሂን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ። ደሴ ላይ ስንቱን የወሎ ልጅ ያስተማረው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በእናታቸው ነው። መነን ራሳቸው እንደ ዘመናቸው መሳፍንት ልጆች ሁሉ ገና በልጅነታቸው ተድረዋል። በ1903 ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ሲያገቡ ቀድሞ ትዳር ያዩ፣ ልጆች የወለዱ ወጣት ሴት ነበሩ። ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት የከፈቱት እቴጌ እንዲህ ያለ ልጅነት ያሳለፉ ናቸው።

ወንዶቹ በዘመናዊ ትምህርት ቀድመው ሄደው ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ተከፍተዋል። አፄ ምኒልክ ወንድም ሴትም ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እንዲማር ያወጁት አዋጅ ቢኖርም ሴቷን የሚቀበል የመንግሥት ደጅ አልነበረም። የውጭ ሚሲዮኖች በየቤታቸው ጥቂት ልጃገረዶች ያስተምሩ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። የተፈሪ መኮንን ንግሥና ጥቅምት 23 ቀን 1923 ከተከበረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1931፣ እቴጌ መነን በስማቸው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ። መጀመሪያ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነበር። ከቋንቋና ከሒሳቡ ጎን ስፌት፣ ጥልፍ፣ የቤት አያያዝ ነበረበት። ‹‹ለተማሩ ወንዶች የተማሩ ሚስቶች ለማውጣት ነው የተከፈተው›› የሚል ትችት ከጥንት ጀምሮ አለ፤ እውነትነትም አለው። ነገር ግን አዳሪ ቤቱን ማየት ያስፈልጋል። አንዲት ልጅ ከአባቷ ቤት ወጥታ፣ ወደ ባል ቤት ሳትገባ፣ በክብር አድራ የምትነሳበት ቦታ ተፈጠረ። ለእኔ ከጥልፉም ከፈረንሳይኛውም የሚበልጠው ይህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጠላት መጣ። በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከነፃነት በኋላ ሲከፈት እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ፤ እየቆየም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሆነ።

በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱን በዳይሬክተርነት የመሩት ስንዱ ገብሩ ታሪካቸው ሊነገር ይገባዋል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ከእህታቸው ከየውብዳር ጋር ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ፤ የውብዳር ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተብለው በፒያኖ ዜማቸው ዓለም ያወቃቸው መነኩሲት ናቸው። በወረራው ጊዜ ስንዱ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆኑ፤ ተይዘውም ወደ ጣሊያኗ የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከግዞት የተመለሱት ሴት ናቸው እንግዲህ በእቴጌ መነን የልጃገረዶቹ አለቃ የሆኑት። ዝም ብለው አላስተዳደሩም፤ ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቹ እንዲጫወቱት አደረጉ። በ1942 ‹‹የልቤ መጽሐፍ›› ብለው ግጥሞቻቸውንና ተውኔቶቻቸውን አሳተሙ። ሴት ልጅ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገሯ ነውር በሚባልበት ዘመን አዳሪዎቹ ልጃገረዶች መድረክ ላይ ወጥተው ስለ አገርና ስለ ጦርነት ይናገሩ ነበር። ስንዱ ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ፓርላማ ገቡ፤ ቆይተውም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ።

አዳሪነት ምን እንደሚያደርግ በዚህ ይታያል። ልጅቱ ከክፍል በኋላ ውሃ ልትቀዳ አትሄድም፣ ማገዶ አትለቅምም፣ እንግዳ መጣ ተብላ ከደብተሯ አትነሳም። ማታ መብራት አላት፣ ከጎኗ አብራት የምታጠና አለች፣ የሚቆጣጠራት ሰው አለ። ለተውኔት ልምምድ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ላይ ማይክ የሚይዙት፣ ክርክር ላይ የሚቆሙት የከተማ ልጆች የሆኑት የገጠሮቹ ተሰጥኦ ስላነሳቸው አይደለም። የገጠሯ ልጅ ደወል ሲደወል ሽሮዋ ላይ መድረስ አለባት።

አብዮቱ ሲመጣ የእቴጌዋ ስም ከበሩ ላይ ወረደ። ትምህርት ቤቱ ‹‹የካቲት 12›› ተባለ፤ በ1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለበትን፣ ከዚያም የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበትን ቀን የሚያስታውስ፣ ከስድስት ኪሎው ሐውልት ጋር የሚጋራው ስም። በስሙ ማንም ቅር ሊለው አይችልም። ቅር የሚለው ለብቻ የሴቶች አዳሪ መሆኑ መቅረቱ ነው፤ ወንዱም ሴቱም የሚማርበት እንደማንኛውም የከተማ ትምህርት ቤት ሆነ። በቅርብ ዓመታት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ግቢውን አድሶ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አድርጎ መልሶታል። ስሙም ሥራውም አብረው በመመለሳቸው ደስ ብሎኛል።

ይህን የሰማች የጃማ እናት ግን ‹‹ታዲያ ለእኛስ?›› ብትል መልስ ያስፈልጋታል።

ምክንያቱም ጥር አለ። አዝመራው ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ የሠርግ ዳስ የሚጣልበት ወር ነው፤ የትምህርት ቤቶችም የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነው። በየካቲት ስም ሲጠራ የማይመልሱ ልጆች አሉ። በሕጉ በኩል ክፍተት የለም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ፅኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሆኖም በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከአንድ ወር አካባቢ ሳይሞላቸው ነው፤ የአማራ ክልል ሴቶች ከዚህም ቀድመው ነው የተዳሩት።

ሠርጉን የምታስቆመው ብዙ ጊዜ ልጅቱ ራሷ ናት። ለጓደኛዋ ትነግራለች፣ ጓደኛዋ ለልጃገረዶች ክበብ፣ ክበቡ ለመምህርት፣ መምህርቷ ለሴቶች ጉዳይና ለፖሊስ። ‹‹ደርሳለች፣ አልደረሰችም›› የሚል ክርክር ሲነሳ ዕድሜዋ በጤና ተቋም እንዲመረመር ትላካለች። ሠርጉ ይቆማል። እዚህ ላይ ዘገባዎች ሁሉ ደስ ብሏቸው ያበቃሉ፤ ችግሩ የሚጀምረው ግን በማግስቱ ነው። አባቷን ከሳ ያዋረደች የተባለችው ልጅ ለሚቀጥለው እሑድ ስንቋን ማን ይቋጥርላታል? ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? ሕግ አድኗታል፤ ማደሪያ ግን አልሰጣትም።

ቤተሰብንም ጨካኝ አድርጎ መሣል አግባብ አይደለም። አባት የሚፈራው ነገር እውነት ነው። ልጁ ከተማ ውስጥ፣ መቀርቀሪያው የላላ በር ባለው ክፍል፣ ማንም ሳይጠብቃት ታድራለች። አንድ ነገር ቢደርስባት ሰው የሚወቅሰው እሷንና ቤተሰቧን ነው። መዳር ለእሱ ጥበቃ ሆኖ ይታየዋል። ይህን ፍርሃት በስብሰባና በፖስተር ማስለቀቅ አይቻልም። ፕሮክተር ያለበት፣ አጥር ያለው፣ ማታ በሩ የሚዘጋ ማደሪያ ቢኖር ከአባቶቹ ብዙዎቹ ልጃቸውን ራሳቸው እየሸኙ የሚያስገቡ ይመስለኛል።

ዓረብ አገርም ሌላው መንገድ ነው። ከደቡብ ወሎ ብዙ ልጃገረዶች ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሥራ ይሄዳሉ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ተጓዦች ቢያንስ 8ኛ ክፍልን እንዲያጠናቅቁ ይጠይቅ ነበር። 8ኛ ክፍል ደግሞ የገጠር ቀበሌው ትምህርት የሚያልቅበት፣ የኪራዩ ኑሮ ከመጀመሩ በፊት ያለው ደረጃ ነው። ያኔ አንዲት ልጅ ሁለት ነገሮችን ታመዛዝናለች፦ በአንድ በኩል አራት ዓመት በድርቆሽና በተበደረ አምፖል፣ በሌላ በኩል ቆርቆሮ ቤት ለእናቷ የምትሠራበት ደሞዝ። ፓስፖርት የምታወጣውን ልጅ ‹‹ትምህርት ጠልታ ነው›› ማለት ግፍ ነው።

አራቱን ዓመት ችላ ብትጨርስስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት የ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ሁሉንም ተፈታኝ ካሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል አዳሪዎቹ ጎልተው ወጥተዋል። ለዚህም ነው ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ማቋቋም በየአካባቢው የሚበረታታው። ጥሩ ነው። ነገር ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት በውጤት አወዳድረው ነው። አልጋው የሚደርሳት 8ኛ ክፍልን ከፍተኛ ነጥብ አምጥታ ላለፈች ናት፤ ገደል ወርዳ ለምትወጣዋ፣ ጥር ለደረሰባት፣ ነጥቧ መካከለኛ ለሆነችው አይደለም። እቴጌ መነን ሲከፈት ዋናው ጥያቄ ማን ትበልጣለች አልነበረም፤ ሴት ልጅ የት አድራ ትማር የሚል ነበር።

የጦርነቱ ዓመታት በዚህ ሁሉ ላይ ተደርበዋል። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ ዘልቆ ጃማ ደጎሎም፣ ወረኢሉም፣ አቀስታም የጦር ሜዳ ሆነው ሰንብተዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መምህራንን በትኗል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱ እርሻ ላይ ይቆያል፤ ሲከፈት ሊመለስ ይችላል። ሴቷ በዚያ መካከል ትዳራለች ወይም ትሰደዳለች። ያቋረጠች ልጅ ልጅ አዝላ ወደ 10ኛ ክፍል ስትመለስ ማየት ብርቅ ነው።

የሚገርመኝ ማደሪያ የሚባለውን ነገር አገሩ አለማወቁ አይደለም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ሴት ተማሪዎችን አልጋ ሰጥቶ፣ አብልቶ፣ ፕሮክተር መድቦ ያስተምራል። 19 ዓመቷ ላይ ለደረሰችው ዶርም አለ። በ14 ዓመታቸው ላሉት፣ ይበልጥ ጠባቂ ለሚያስፈልጋቸው፣ የለም። ተማሪዎቹ ከሁሉ የሚረግፉት ደግሞ በእነዚያ መካከለኛ ዓመታት ነው።

ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅም ግድ አይደለም። ደጎሎ ውስጥ ዛሬ ሥራውን የሚሠሩት ያለ ደሞዝ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። አንዳንዷ አከራይ ልጃገረዶቹን እንደ ልጆቿ ይዛቸዋለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያልገባች ካለች ነጠላዋን አጣፍታ ትፈልጋታለች። ሐሙስ ማታ እንጀራቸው ማለቁን ታውቃለችና ከወጧ ትጨልፍላቸዋለች። የወር አበባ የመጣባት ሞዴስ ስታጣ የምትሮጠው ወደ እሷ ነው። ፈተና ሲደርስ አምፖሉን እስከ አምስት ሰዓት ታበራላቸዋለች፤ የመብራቱን ሒሳብ ግን አትጠይቃቸውም። ልጆቹም ‹‹እትዬ›› ይሏታል፤ ዓመት በዓል ሲሆን ከገጠር አንድ ጣሳ ቅቤ ያመጡላታል። የቆሎ ተማሪውንና ደረሳውን ለዘመናት ያሳደረው ልማድ በእነዚህ ሴቶች እጅ ወደ ልጃገረዶቹ እየተሻገረ ነው።

ወረዳው እነዚህን ቤቶች አውቆ ቢመዘግባቸው፣ ትምህርት ቤቱ የትኛዋ ልጅ የት እንደምታድር ዝርዝር ቢይዝ፣ በየቤቱ አንድ ሶላር መብራትና ደህና መቀርቀሪያ ቢገባ፣ ለአከራይዋም ትንሽ ክፍያ ቢታሰብላት የአንድ የመማሪያ ክፍል ግንባታ ያህል እንኳ ገንዘብ አይፈጅም። ሠርጓን ላስቆመችው ልጅ ደግሞ ስንቅ ሳትጠብቅ የምትቀመጥበት ቢያንስ አንድ ቤት በየወረዳው ከተማ መኖር አለበት፤ ደጎሎም፣ መካነ ሰላምም፣ ወረኢሉም። ይህ የሚቀጥለው የመስከረም ምዝገባ ሳይደርስ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።